ጎማ የፈነዳ ዕለት

ከሠራዊቱ ተሰናብቼ ዲላ ስመለስ ሥራ ፍለጋ ያላንኳኳሁት በር አልነበረም። በመጨረሻ ይርጋጨፌ አጠገብ አሪቻ የሚባል ቀበሌ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጥበቃ አድርጎ ቀጠረኝ። እዚያ ሰው ሁሉ «ወታደሩ» ይለኛል። አልጠላሁትም፤ እንዲያውም ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር የምዞረው።

በሩ ላይ ሰው ሲጠፋ ቡና ለቃሚዎቹ ዘንድ እሄዳለሁ። የታጠበው ቡና ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ሴቶቹ ዳር ዳሩን ቆመው የተሰበረውን ይለቅማሉ። ከመካከላቸው የእናቴ እኩያ የሚሆኑ አንዲት የጌዴኦ ሴት ነበሩ፤ እማማ እላቸዋለሁ። አጠገባቸው ቆሜ ስለቅም «ወታደር እጅ ቡና አያውቅም» እያሉ ይስቁብኛል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እሸት ቡና የጫነ መኪና ግቢው ውስጥ ሲዞር ጎማው ፈነዳ።

ምን እንዳደረግሁ ያወቅሁት ካደረግሁት በኋላ ነው። መሬት ላይ ነኝ። ሁለት እጄ የእማማን ወገብ ጨምድዶ ይዟል። እሳቸው በመኪናው በኩል፣ እኔ ከጀርባቸው፤ ፊቴን ሻርፓቸው ውስጥ ቀብሬያለሁ። ጥይት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚያገኘው እሳቸውን ነበር። ስንት ዓመት ሌላውን ከኋላዬ አድርጌ እንድቆም ስማር የኖርኩ ሰው!

ሹፌሩ መሳቅ ጀመረ። ሴቶቹም ሊከተሉት ሲሉ እማማ አቧራቸውን እያራገፉ ተነሡ።

«ምን ያስቃል? ይሄ ልጅ እኔን ሸፈነ! ሞት መጣ ብሎ እኔን ሸፈነ!»

ሳቁ ቆመ። አንዷማ መረቀችኝ።

እኔስ? ዝም አልኩ። እማማ በድንጋጤ ያላስተዋሉ መሰለኝ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን ሌብነት ነበር። ወሬው ይርጋጨፌ ደርሶ ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ይለቁልኛል፤ እኔም እቀመጣለሁ። ለእሳቸው ብቻ እንኳ እውነቱን ልንገራቸው እያልኩ ሳምንት ሙሉ አጠገባቸው ቆምኩ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

በሳምንቱ ያው መኪና እያጓራ ገባ። እማማ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው አልጋውን ዞሩና ማዶ ቆሙ። ቡናው በመካከላችን ሆነ።

«እማማ፣ ምነው?» አልኳቸው።

አላዩኝም፤ ጣታቸው መልቀሙን አላቆመም።

«አንተ ጥሩ ልጅ ነህ» አሉኝ ቀስ ብለው። «መኪናው ይውጣ። ከዚያ እመጣለሁ።»

ያን ዕለት ሰው እንዳይስቅብኝ አውቀው እንደዋሹልኝ ያኔ ገባኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅር ይበሉኝ ማለት ነበረብኝ፤ እሱንም አላልኩም።

መኪናው ጭነቱን አራግፎ ወጣ። እማማም እንዳሉት ዞረው መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።