እትዬ ትርፌ፣ ጥላዎቹ እኮ ገና አልደረቁም

አላምንም። ከጠዋት ጀምሮ «አላምንም» እያልኩ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። ስልኬን አነሳለሁ፣ መልሼ እጥለዋለሁ። እትዬ ትርፌ አረፉ ይሉኛል። እንዴት ነው የሚያርፉት? ትናንት እኮ የኮላ ብሩሽ አብረን ስናጥብ ነበር!

ለማታውቋቸው፦ እትዬ ትርፌ አጋሚም ሰፈር ባለው ጋናችን፣ በመዋዕለ ሕፃናታችን ማለቴ ነው፣ ሳያዓት ነበሩ፤ የጋኔኔቷ፣ የዋናዋ መምህርት ረዳት። እኔም ሳያዓት ነኝ፤ ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ልባቸው ነው አሉ፣ በድንገት። ቀብራቸው ዛሬ ከሰዓት ነው። እኔ ባዶው ጋን ውስጥ ቁጭ ብዬ መኪና እየጠበቅሁ ነው። ቁጭ ካልኩ ማለቴ ነው።

ነገ ጋን ውስጥ የእኛን የቤተ እስራኤሎችን በዓል፣ ስግድን እናከብራለን። ልጆቹ ለእናት ለአባታቸው የሚሰጡት ስጦታ የእትዬ ትርፌ ጥላ ነው። የትንሽ ኬክ መጋገሪያ ወረቀት ይገለበጣል፣ የጁስ መምጠጫ መያዣ ሆኖ መሃሉ ይሰካል፣ ዙሪያውን የክር ዘርፍ ይለጠፋል። በቃ። በዓሉ ላይ ቄሶቹ የሚይዙት ያ ባለቀለም ጥላ፣ በልጅ እጅ ልክ።

«እኛ ጎንደር ሳለን ከሩቅ ነበር የምናይ» ይሉ ነበር። «እነዚህ ግን ይያዙት!» አንድ ጊዜ ራማት ኤሽኮል ሰፈር ያሉ ሽማግሌ ጎረቤታቸው «አንቺ ትርፌ፣ ሕፃኑን ሁሉ ቄስ አደረግሽው እኮ!» ቢሏቸው፣ «ምናለበት አባባ፣ ሽንት ጨርቁን ገና የጣለ ቄስ ነዋ!» ብለው በሳቅ ገደሉን።

እኔ ደግሞ እጄ አያርፍም። ልጅ ዘርፉን አጣሞ ሲለጥፍ አላስችል ይለኛል፣ ላቃናለት እዘረጋለሁ። እሳቸው ከክፍሉ ማዶ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «እጅሽን ሰብስቢ!» ይሉኛል። ስንቴ እንደሰማሁት!

አምና አንዲት እናት ተቆጥታ መጣች። «የሌላው ጋን ልጆች ሥራ እንዲያ እያማረ የእኔ ልጅ ጥላ ምነው ተንጋደደ?» አለች። እትዬ ትርፌ ጥላውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «መንጋደዱ እኮ የልጅሽ እጅ ነው። እኔ ካቃናሁት የእኔ ሆነ፤ የእኔን ምን ታደርጊዋለሽ እመቤቴ?» አሏት። ሴትዮዋ ጥላውን ይዛ ሄደች። ዛሬ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ሰማች። ያ ጥላ እስካሁን መኪናዋ ውስጥ፣ መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት።

ጠዋት ደግሞ አንዷ ትንሽዬ ልብሴን ጎተት አድርጋ «ኤፎ ትርፌ?» አለችኝ፣ በዕብራይስጥ ትርፌ የት ናት ማለቷ ነው። ምን ልበላት? «ኮላ አምጪልኝ» አልኳት። ኮላ! እንዲህ ያለ መልስ አለ?

አሁን ጥላዎቹ መደርደሪያው ላይ ናቸው። ግማሾቹ ዘርፍ የላቸውም። ጋኔኔቷ «ወላጅ ሳያይ አንቺው ጨርሻቸው፣ ነገ በዓል ነው» ብላኝ ሄደች። እሷም ጨንቋት ነው፣ አልፈርድባትም። ክሩን አነሳሁ፣ መቀሱን አነሳሁ። እውነቴን ነው፣ ቶሎ ባለቀልኝ ነበር፤ እጄ ሥራ ቢይዝ ይሻለኝም ነበር። ከዚያ ከሁሉም ኋላ የእሳቸውን አገኘሁት። ሁልጊዜ ከልጆቹ ጋር አንድ ለራሳቸው ይሠራሉ። ቢጫ ነው። መያዣ የለውም።

መቀሱን መልሼ አስቀመጥኩት።

መኪናው መጣ።

እትዬ ትርፌ፣ የኔ እናት፣ ልሸኝዎት መምጣቴ ነው። ነገ ልጆቹን ሰብስቤ የት እንዳሉ እኔው እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ጥላቸውን ራሳቸው ይጨርሳሉ፤ የእርስዎንም መያዣ እነሱ ይሰኩታል። መንጋደዱ አይቀርም። ይንጋደድ! እንደተንጋደደ መቃብርዎ ላይ አመጣልዎታለሁ።

ደህና ይረፉ እትዬ። እጄን ሰብስቤያለሁ።