ሦስተኛው ጥሪ

መምህር ይሁኔ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው አንድን ስም ሁለት ጊዜ መጥራት ነበር። የጎብዬ ገበሬ ልጅ ነው። ከማሠልጠኛ እንደወጣ ከቆቦ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወደሚርቅ፣ አራት ክፍል ብቻ ወዳለው ትምህርት ቤት መደቡት፤ የፖለቲካ ትምህርትንም ሌላ የሚፈልገው ሰው ስለጠፋ ለእሱ ሰጡት። እሱ ግን ከልቡ ያዘው። ከአዲስ አበባ የመጣውን መጽሐፍ ዘግቶ ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ይጽፋል፦ «ዜጋ ማለት ስሙ ሲጠራ በመጀመሪያው ጥሪ ብድግ ብሎ አቤት የሚል ነው።» ግዴታውም መብቱም ከዚህ በኋላ ይመጣል ባይ ነው።

የዚያ አገር ልጅ ግን በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አይልም። እናቱ አፉን ሳይፈታ ነው የምታስተምረው፦ ማንም ይጥራህ ማን፣ ሦስት ጊዜ እስክትጠራ ዝም በል። በቀትር ሜዳው ጭር ሲል፣ የሰው ስም የሚጠራ ሰው ያልሆነ ነገር አለ። ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ ሦስተኛውን አይችልም። ሦስተኛው የሰው ነው። ልጆቹም ይህንኑ ይዘው ክፍል ይገባሉ። ይሁኔ የስም መጥሪያውን ገልጦ አንዱን ጠርቶ ቀና ሲል፣ ተጠሪው አፉን ገጥሞ ቁልጭ ቁልጭ እያለ ያየዋል። ይሄኔ መምህሩ ደሙ ይፈላል።

ከሁሉም የባሰችው ራህመት ነበረች። አባቷ በድርቁ ሞቶ ከእናቷ ከኡሙሃኒ ጋር ብቻዋን የቀረች፣ በመስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ ቀጭን ልጅ ናት። ይሁኔ ስላስቸገረችው ቀጣት። በማግስቱ እናትየው ክፍሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«መምህር፣ የሷን ነገር ይተዉልኝ» አለችው። «ትልቁ ልጄ ታሂር በቀትር ውሃ ሲቀዳ ተጠራ። በአንዱ አቤት አለ። ሦስት ቀን አላደረም።»

«ወባ ነው፣ ኡሙሃኒ። ወባ ደግሞ ስም አይጠራም።»

«ወላሂ ጠርቶታል። እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ይሁኔ ሳቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የተማረ ሰው እንዲህ ሲባል መሳቅ ያለበት መስሎት ነው። ያን ሳቁን ግን ኋላ ዕድሜ ልኩን ጠላው።

ጥር ሲጋመስ አሸነፈ። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጥሪ ብድግ ማለት ለመደ። ራህመት ብቻ ሁለተኛውን ትጠብቅ ነበር፤ እሷም ቢሆን ከሦስት ወደ ሁለት ወርዳለችና መምህሩ እንደ ድል ቆጠረው።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። የካቲት ላይ ሁለት ኦራል መኪናዎች መጥተው ትምህርት ቤቱ ግቢ ቆሙ። ሰውን እያፈሱ ለሰፈራ ሩቅ አገር ይወስዳሉ የሚል ወሬ ቀደም ብሎ ስለተሰማ ብዙው ወላጅ ወደ ዞብል ተራራ ሸሽቷል፤ ኡሙሃኒም ዱቄት ፍለጋ ዋጃ ሄዳለች። ከመኪናው የወረደው ካድሬ ጨዋ ሰው ይመስላል። ለይሁኔ አንድ ወረቀት ሰጠውና፣ «ጓድ መምህር፣ ለእነዚህ ልጆች ልብስና ደብተር ሊታደል ነው፤ ስማቸውን ጥራልን» አለው።

ይሁኔ ወረቀቱን ተቀበለ። ልቡ ትንሽ ከበደው፤ ልብስ ለማደል ባዶ መኪና ምን ያደርጋል ብሎ አሰበ። ግን ደግሞ ልጆቹ እንዴት እንደሚነሡ ለእንግዳው ማሳየት ፈለገ። እውነቱ ይሄ ነው፤ ሊኮራ ፈለገ። አንድ በአንድ ጠራ። ወረቀቱ ላይ ከተጻፉት አሥራ አንድ ልጆች አሥሩ አንዱ ከአንዱ እየተሽቀዳደመ፣ በመጀመሪያው ጥሪ፣ አቤት እያለ ተነሣ። ካድሬው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

«ራህመት!»

በመስኮቱ ወደ መኪናዎቹ ታያለች።

«ራህመት!» አለ ደግሞ፤ በእንግዳ ፊት ያፈረ ሰው በሚያይበት ዓይን እያያት። ሦስተኛ እንደማይጠራት ከፊቱ አነበበች። «አቤት» ብላ ተነሣች።

መኪናዎቹ በቀትር ሄዱ። ልጁ ከተጫነ ወላጁ ከተደበቀበት ይወጣል የሚል ዘዴ እንደነበረ ይሁኔ የሰማው አቧራው ሲረጋ ነው። ኡሙሃኒ ከዋጃ ስትመለስ ሁሉም አልቋል። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄኔ ነው። ልጅቷን የት እንዳደረሷት የሚነግራት አልተገኘም፤ ይሁኔም ቆቦ ድረስ ተመላልሶ በየቢሮው ደጅ ጠና፣ የሚመልስለት ግን አጣ።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ዲዳ ሆነ። ስም ሲጠራ አንድም ልጅ አቤት አይልም፤ በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም። ጥያቄ ሲጠይቃቸው ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ እንጂ አይናገሩም። በመስኮቱ ጥግ ያለችው ቦታ ባዶ ናት፤ የሚቀመጥባት የለም። በዚያ የአቧራ አገር ሌላው ወንበር ሁሉ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሆኖ ሲገኝ፣ እሷ ግን ንጹሕ ናት። ይሁኔ የሚጠርጋት ማን እንደሆነ ሊያውቅ አንድ ቀን ገና ሳይነጋጋ መጥቶ ክፍሉን ራሱ ከፈተ። ማንም አልቀደመውም። ወንበሯ ንጹሕ ነበረች።

በቀትር ደግሞ ኡሙሃኒ ትመጣለች። መኪናዎቹ በሄዱበት መንገድ ዳር ቆማ፣ «ራህመት! ራህመት!» ትላለች። ሁለት ጊዜ ብቻ። ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቅና ትሄዳለች። በዚያች ዝምታ መካከል ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፤ ይሁኔም ጠመኔውን እንደያዘ ደርቆ ይቀራል። በታጨደው የማሽላ ማሳ ላይ የአቧራ አውሎ ይነሣል፣ ይሽከረከራል፣ ወደ ክፍሉ በር ይጠጋል፣ ደፉ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። በየቀኑ እንዲሁ ነው።

ግንቦት ላይ መቻል አቃተው። ጥሪዋን እንደሰማ ክፍሉን ጥሎ ወጣና አጠገቧ ቆመ።

«ሦስተኛውን ለምን አትጠሪያትም?» አላት።

ኡሙሃኒ ፊቷን አላዞረችም። እስከዚያ ቀን አንቱ ስትለው ነበር።

«ሦስተኛው ያንተ ነው» አለች። «አንተ ነህ ያስቀረህባት። ልጄ ሦስተኛውን ስትጠብቅ ነው የሄደችው፤ አሁንም ያለችበት ቆማ እየጠበቀች ነው። እኔ ብጠራት አትሰማኝም።»

ወባ ነው ሊላት አልቻለም። ሊስቅማ ከቶ። አለቀሰ። ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ሜዳውን ፊት ለፊት እያየ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ፦

«ራህመት!»

አውሎው ቀጥ አለ። ነፋስም የለ፣ ወፍም የለ።

«አቤት!»

ከኋላቸው ነው፤ ከክፍሉ። ሠላሳ ሁለት ልጆች በአንድ አፍ። ከየካቲት ወዲህ ድምፃቸውን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ወንበሩ ሲንኳኳ፣ ብድግ ሲሉ ሁሉ ተሰማው። ዜጋ እያለ ሊያስተምር ሲፈልግ ለራሱም ያልገባውን ነገር፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ስለ እሱ እንደሚነሣ፣ እነሱ እሱን አስተማሩት።

ኡሙሃኒ ግን ክንዱን ጭምድድ አድርጋ ይዛዋለች። እጇ በረዶ ነው።

«ሰማሃት?» አለች በሹክሹክታ። «ከመሃላቸው። በመስኮቱ በኩል።»

መምህር ይሁኔ ሰምቷል። ዞሮ ለማየት ግን አልደፈረም።