ድንጋይ የቀቀለው ቡልቻ

ወይ ቡልቻ! በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ኮልፌ አጠና ተራ የኖረ ሰው ስሙን ሳይስቅ አያነሳም፤ ስቆ ሲያበቃም «አይ ያ ጊዜ!» ማለቱ አይቀርም። ቡልቻ ድንጋይ ለሚያጠኑ መሐንዲሶች ላንድሮቨር የሚነዳ ሾፌር ነበር። እሱ ዓመቱን ሙሉ በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ጓዳውን የምትሞላው ሚስቱ የሺእመቤት ናት። የእሷን አረቄ ብሎ ከጦር ኃይሎች ድረስ የሚመጣ ጠጪ ነበር።

ነዳጅ በተወደደበት በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ቡልቻ ከኢሉባቦር ሁለት ጆንያ ጥቁር ድንጋይ ጭኖ መጣ። እሳት ሲነካው የሚነድ፣ ላምባ ላምባ የሚሸት ድንጋይ ነው። ከዚህ ላምባ ካወጣሁ ሹመት አገኛለሁ፣ ከመንገድም እገላገላለሁ አላት። ፈቃድ ወስዶ የማያውቀው ሰው ሁለት ሳምንት ጠይቆ፣ የአረቄ ማውጫ እንስራዋን ለመናት። ድንጋይ ከገባበት በኋላ አረቄ እንደማይወጣበት ሁለቱም ያውቃሉ። የሺእመቤት ቆማ አየችውና እንስራውን ራሷ ጣደችለት።

ሁለቱን ሳምንት ጓሮ ዋሉ። እሱ ድንጋይ ይወቅጣል፣ እሷ የእንስራውን አፍ በጭቃ ትመርጋለች፤ ጭሱ ሲያስነጥሳቸው ይሳሳቃሉ። ላምባው በቱቦው ጠብ ሲል ቡልቻ እንደ ልጅ ጨፈረ። ግን ምን ዋጋ አለው! አንድ ጠርሙስ እስኪሞላ አንድ ጋሪ ባሕር ዛፍ ነደደ፤ ለማቀዝቀዣው ከቦኖ ውኃ ሲቀዳ ሰፈሩ ተጣላው፤ አመዱም ጓሮውን ሞላው።

ጠርሙሱን ለአለቃው ለኢንጂነር ጌታቸው አሳየ። ሰውየው አልሳቁበትም። መቆፈሩ፣ መፍጨቱ፣ ውኃው፣ ያ ሁሉ የጭቃ መንገድ ሲደመር፣ ከዐረብ አገር በመርከብ የሚመጣው ነዳጅ፣ ተወደደ ቢባልም፣ እንደሚረክስ ረጋ ብለው አስረዱት። ከነገ ወዲያ ወደ ኦጋዴን እንደሚነሱም ነገሩት።

ቡልቻ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። እንስራው ቢታጠብ ቢታጠን ሽታው አልለቀቀም ነበር።

«እንጀራሽን ዘጋሁብሽ» አላት።

«ማገዶው እንደማያዋጣ በመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። አሥራ አምስት ዓመት አረቄ ያወጣሁ ሰው እኮ ነኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

የሺእመቤት ለኦጋዴኑ መንገድ ሸሚዞቹን እያጣጠፈች ነበር።

«ከተጋባን ወዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት የዋልከው አሁን ነው» አለችው።