ሌሚዩል ስትራውድና የተደረመሰው ድልድይ

ሌሚዩል ስትራውድ ደግ ሰው ነበር የሚል ካለ፣ አሥራ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤቱ የእርሳስ ፊደል አልለቀመለትም። እኔ አይዴላ ለቅሜለታለሁ። በኔብራስካዋ ከተማችን የነበረችው አንዲት ጋዜጣ የእሱ ነበረች፤ ማን ሌባ፣ ማን ጨዋ እንደሆነ በየሐሙሱ የሚበይነው እሱ ነው። ሲያመሰግን ራሱን፣ ሲሰድብ ሌላውን። ጋዜጣው አልበቃው አለና የአውራጃ ሹም ሆኖ ተመረጠ፤ መንገዱም ድልድዩም በእጁ ገባ።

የወንዙ ድልድይ እንጨቱ መበስበሱን ገበሬዎቹ ደጋግመው ጻፉለት። እሱ ግን «ባቡር ቢያልፍበት አይነቃነቅም» ብሎ በጋዜጣው አወጣ።

ለግዛቱ ምክር ቤት ሊወዳደር፣ ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ገበሬው ኒልስ ብራንድቮልድ በፈረስ ጋሪ በቆሎ ጭኖ ሲሻገር ድልድዩ ተደረመሰ። ሰውዬውም ፈረሶቹም አለቁ።

በማግስቱ ስትራውድ አንድ ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረ። ሟቹ ሰክሮ ፈረሶቹን ሲያስጋልብ ነው የሞተው ይላል።

«ሚስተር ስትራውድ፣ ኒልስ እኮ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም» አልኩት።

«አይዴላ፣ የቀጠርኩሽ ፊደል እንድትለቅሚ ነው ወይስ እንድትፈርጂ?»

ለቀምኩት። ፈሪ ነበርኩ።

ሐሙስ ጠዋት የኒልስ ሚስት ሁልዳ ጋዜጣውን ጨብጣ ገባች። አልጮኸችም።

«ባሌ መቼ ነው የጠጣው?»

«ሚስስ ብራንድቮልድ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። ግን ሕዝቡ እውነቱን ማወቅ አለበት።»

ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረች ሴት፣ «ሕዝቡን ተወውና ዓይኔን እያየህ ንገረኝ!» አለችው።

አላያትም። የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ አየ።

ያኔ ሽርጤን ፈታሁ። የገበሬዎቹን ደብዳቤዎች ከመሳቢያው አውጥቼ ለሁልዳ ሰጠኋት።

«አንቺ ሌባ! እስር ቤት ነው የምትገቢው!» ሲል ጮኸ።

«ከእርስዎ ጋር አንድ ክፍል እንዳያስገቡኝ ብቻ» ብዬው ወጣሁ።

ሁልዳ ደብዳቤዎቹን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አነበበች። አለቀለት ብዬ ነበር፤ ተሳሳትኩ። ድልድዩን ረግጠው የማያውቁ የሩቅ መንደሮች ድምፃቸውን ሰጡትና ተመረጠ። በእኛ ሰፈር ግን ጋዜጣውን የሚገዛ ጠፋ፤ ፀጉር አስተካካዩ እንኳ «ጢምህን ሌላ ቦታ ተላጭ» ብሎ መለሰው። በሁለት ዓመቱ ማተሚያ ቤቱን ሸጦ ወደ ዋና ከተማው ሄደ፤ እዚያ ወፍሮ፣ ተከብሮ አረጀ። ስለ ድልድዩ ማንም አልጠየቀውም።

ሁልዳ በጎረቤት ፈረሶች እያረሰች ኖረች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊቷን ታዞርብኝ ነበር፤ ባሏን ሰካራም ያለው ፊደል በማን ጣት እንደተለቀመ ታውቃለች። አልፈርድባትም።