ቦዞን ሊያስነሳ የተላከው ሚኒስትር

አንታንዱ ጊንዶ አሥራ ሁለት ዓመት አምባሳደር፣ ሁለት ዓመት የወንዝና የዓሣ ሚኒስትር ነበር። ሌላው ሰው እሱ ያስታረቃቸውን መንግሥታት እየደረደረ ያወራለታል። እኔ የማውቀው በባኒ ወንዝ ዳር፣ ዓሣ በጢስ ከማደርቅበት ምድጃ አጠገብ ነው።

እሱ ከተራራዎቹ ገበሬዎች ጎሳ፣ ከዶጎን ነው፤ እኔ ኩምባ ፋማንታ ከወንዙ ዓሣ አጥማጆች ጎሳ፣ ከቦዞ ነኝ። ሁለቱ ጎሳዎች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ነን። ስንገናኝ እንሰዳደባለን፤ የሚቀየም የለም። ላለመጎዳዳት ግን በደም ተማምለናል፣ አይታሰብም። አምባሳደር ሳለ እንኳ ለእረፍት ሲመጣ መጀመሪያ እኔ ጋ ይቆማል።

"አንቺ ግማታም ዓሣ፣ እስካሁን አልሞትሽም?"

"አንተ ሽንኩርት ለቃሚ፣ ፈረንጆቹ ጫማ ማሰር አስተማሩህ?"

ጠባቂዎቹ ይደነግጣሉ፤ እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ታዲያ አምና ዳርቻችን ለአንድ ኩባንያ መዝናኛ ይሰጥ ተባለ። ሦስት መቶ ቤተሰብ ሊነሳ ነው። እኔ እዚያው ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ፣ ወዴት ልሂድ? ዋና ከተማ ያሉት አዋቂዎች "ምላሱ ያሳምናል፣ ደግሞም ይወዱታል" ብለው ውሳኔውን እንዲያነብልን አንታንዱን ላኩት። ዶጎን ቦዞን እንዲያፈናቅል! የአያቱን ወግ የረሳ ሹም ብቻ ነው እንዲህ የሚሞኘው።

አንታንዱ ወረቀቱን ይዞ ከመኪናው ወረደ። አልሰደበኝም።

"ምነው፣ አፍህን ለጎሙት?" አልኩት። "ተነሺ ልትለኝ ከሆነ ዓይኔን እያየህ በለኝ።"

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

"ክቡር ሚኒስትር፣ ያንብቡት እንጂ፣ ሰዓት ሄደ" አለው አማካሪው።

"ሂድና ንገራቸው። ሹመቱን የሰጡኝ እነሱ ናቸው፣ ይውሰዱት። ቦዞን ግን እነሱ አልሰጡኝም።" ወረቀቱን አማካሪው ኪስ ውስጥ ከተተና ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ግማታም፣ መቀመጫ ስጪኝ እንጂ!"

መኪናው ያለ እሱ ተመለሰ። በማግስቱ መሻሩን በሬዲዮ ሰማን።

በወሩ አዲስ ሚኒስትር ሰባት ወታደር አስከትሎ መጣ። አንታንዱ ነጠላ ጫማ አድርጎ ከሴቶቹ ፊት መሬት ላይ ተቀምጧል። ሚኒስትሩ እጅ ነሳው።

"ክቡር አምባሳደር፣ እባክዎ ይነሱ። ይሄ እርስዎን አይመለከትም።"

"ሦስት መቶ አንደኛ ቤተሰብ ብለህ ጻፈኝ" አለ አንታንዱ። "ከእኔ ጀምር።"

ሚኒስትሩ ወደ ወታደሮቹ ዞሮ "ከእሱ ጀምራችሁ አንሷቸው!" አለ። ሰባቱ ጠመንጃቸውን አንግተው ወደ ኋላ ሄዱ። የጎሳ ስማቸውን ጠየቅኳቸው፤ ሰባቱም ዶጎኖች ናቸው።

እስከ ዛሬ ያስነሳን የለም።