ዘውድ የጫነችው አራስ

«ልጄ፣ ሳትወልጂ ውጪልኝ!»

ይህን ያሉኝ አከራያችን እትዬ አስካለ ናቸው... ማለዳ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ደጃፌ ላይ ቆመው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ አገሩ መቱ። መስቀል ባለፈ ማግስት፣ እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሆዴ አፍንጫዬ ደርሷል።

ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም። ልጃቸው ሚስት ሊያገባ ስለሆነ ክፍሉን ፈልገውታል። ግን በእኛ አገር አራስ ከቤት አይወጣም። አራስ ያስነሳ ሰው ቤቱ አይባረክም ይላል፣ አማራውም ኦሮሞውም። ስለዚህ እዚያው ከወለድኩ አለቀላቸው።

«ከወለድሽማ ማን ደፍሮ ያስወጣሻል? ኃጢአቱን አልችለውም። አሁን በእግርሽ ሳለሽ ሂጂ!» አሉኝ። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ።

ባለቤቴ ግርማ አስተማሪ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከከተማው በታች፣ ጨፌው ላይ፣ ቦታ መርቶታል። ጨፌ ስላችሁ... ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይለየው፣ ሣሩ ሰው የሚውጥ ረግረግ ነው። የቤት ክዳን የሚታጨደው ከዚያ፣ ለበዓል የሚጎዘጎዘውም ከዚያ። እንግዲህ ቦይ ቀደን ውሃውን ልናፈስ፣ መሬቱ ሲጠና ቤት ልንሠራ ነው። ከጎናችን ቦታ የተመሩ ሹማምንትም የእኛን መጨረሻ እያዩ ነው።

የዚያኑ ዕለት ከግርማ ጋር እየተንገዳገድኩ ወረድኩ። ቆፋሪዎቹን ላጣድፍ ነዋ! አለቃቸው ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ ሸምገል ያሉ የዳሪሙ ሰው ናቸው።

«ኦቦ ቶለሳ፣ ቶሎ ቶሎ በሉ እንጂ! ይሄ ልጅ ቤት እስኪያልቅ አይጠብቅም!»

«እሺ እሜቴ፣ እሺ» ይላሉ። ቁፋሮው ወደ መሃል ገፋ።

ድንገት ከሣሩ ውስጥ አንዲት ወፍ ብድግ አለች። ወፍ ስላችሁ ድንቢጥ እንዳይመስላችሁ... ቁመቷ ወገቤን ያልፋል። ራሷ ላይ እንደ ወርቅ ክር ቀጥ ብሎ የቆመ ጉትዬ አላት፤ እኛ ሰፈር ባለዘውዷ ነው የምንላት። ከሩቅ ስትበር አይቻት አውቃለሁ። እንዲህ በቅርብ ግን... በስመ አብ!

አልበረረችም። ነጭና ጥቁር ክንፏን ዘርግታ ዶማ ከያዙ ወንዶች ፊት ቆመች። ከእግሯ ሥር፣ ተጋድሞ በተከመረው ሣር ላይ፣ እንቁላሎች አሉ። አንደኛው ተሰንጥቋል። እያየነው... አምላኬን፣ እያየነው ከውስጡ እርጥብ ጭንቅላት ብቅ አለ።

የተነሳ ዶማ ሁሉ ባለበት ቀረ። ሲራገጥ የዋለው የእኔው ልጅ እንኳ ጸጥ አለ።

ኦቦ ቶለሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዶማቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ዴሱ ዳ» አሉ በኦሮምኛ። አራስ ናት ማለታቸው ነው።

ሌሎቹም ዶማቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ኦቦ ቶለሳ ለምሳ የያዙትን የበቆሎ ቆሎ ዘግነው ከፊቷ በተን አደረጉላት። አራስ በባዶ እጅ አይጠየቅማ! እዚያው ቆሜ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ግርማ ግን ጦፈ። «ወፍ እኮ ናት! ሚስቴ ሜዳ ላይ ትውለድ?»

«ጌታው፣ ውሃው ከሄደ ጫጩቶቹን አውሬ ይጨርሳቸዋል። እኛ አራስ አናስነሳም» አሉት ኦቦ ቶለሳ።

ግርማ ራሱ ዶማ አንስቶ ገባ። ወፊቱ ክንፏን እንደዘረጋች ነው፤ ንቅንቅ አላለችም።

«ግርማ፣ ተው» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ቤቱ እኮ ላንቺ ነው!»

«አውቃለሁ። እኔ ገና ነኝ... እሷ ግን ወልዳለች።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የፈራሁት። የት ልገባ ነው? ግርማ እኔን አየኝ፣ እሷን አያት፣ ዶማውን ጣለው። «እሺ፣ ዘውድ የጫነ ማን ያስነሳል!» ብሎ ጭቃውን እያራገፈ ወጣ።

ቤት ገብቼ ለእትዬ አስካለ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ለወፍ ብለሽ ቤትሽን? አበድሽ እንዴ?» ብለው ነጠላቸውን መንጨቅ አድርገው ራሳቸው ወረዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱና መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሦስት ሆነዋል» አሉኝ። «ክንፏ ሥር ሰብስባቸዋለች።» ዞር ብለው አዩኝ። «ዕቃሽን አትሸክፊ። ሙሽሮቹ እኔ ጋ ይከርማሉ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ።

«አንቺ ግን አወቅሽበት... አማላጅ ስትልኪ ዘውድ የጫነ ላክሽብኝ!»

ወሬው እንደ እሳት ተዛመተ። ሹማምንቱ በዙሪያችን ካለው ከቡሬ እስከ ኖፓ ቆፋሪ ቢያፈላልጉ፣ ጨፌው ላይ ዶማ የሚያነሳ ጠፋ። ውሃውም ሣሩም እዚያው ቀረ። እኛም ኋላ ለምነን ዳገቱ ላይ ተመራን።

እኔ እትዬ አስካለ ቤት በሰላም ተገላገልኩ። በማግስቱ ኦቦ ቶለሳ ሊጠይቁኝ መጡ... ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በቁና በቆሎ ይዘው።

ዘውድ ባይኖረኝም፣ የአራስነት ድርሻዬ አልቀረብኝም።