ታጠቡ ያልኩበት ሳምንት

ነርስ ሆኜ መሥራት የጀመርኩት ከደብረ ታቦር ወጣ ባለች ከተማ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ቁስል ማጠብና ማሸግ የእኔ ድርሻ ነበር።

የሆስፒታሉ ቧንቧ ውኃ ከጠፋ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የአንድ ገበሬ እግር አጥቤ ጨረስኩና በዚያው ጓንት ወደ ቀጣዩ አልጋ ዞርኩ። አልጋው ላይ ከይፋግ የመጡ፣ ሆዳቸውን ኦፕራሲዮን የሆኑ አሮጊት ተኝተዋል። እጄን ስዘረጋ ጋቢያቸውን ስበው ቁስላቸውን ሸፈኑት።

«ምነው እናቴ፣ አመመዎት?»

«አላመመኝም። በዚያ ሰውዬ መግል ግን አትንኪኝ። ታጥበሽ ነይ።»

«ጓንት አድርጌያለሁ እኮ።»

«እሱንስ የነካሽው በምንሽ ነው? እኔ ላም ሳልብ እንኳ እጄን ሳልታጠብ ጡቷን አልይዝም።»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያየኛል። ውኃ የለም ልላቸው አፌን ከፍቼ አፈርኩ። ጓንቱን አውልቄ ጣልኩና ጀሪካን ይዤ ግቢው ጥግ ካለው ጉድጓድ ቀዳሁ። በሳሙና ታጥቤ፣ አዲስ ጓንት አጥልቄ ቁስላቸውን አጥቤ አሸግኩላቸው።

በማግስቱ ቧንቧ ያለው ባልዲ ሞልቼ በሩ አጠገብ አቆምኩ። ዋናው ሐኪም ተለማማጆቻቸውን አስከትለው ገቡ። የመጀመሪያውን ታማሚ ነካክተው ወደ አሮጊቷ ሲያልፉ አልጋው ፊት ቆምኩ።

«ዶክተር፣ እጅዎን ይታጠቡ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ሲስተር?»

«ከትናንት ወዲህ።»

ተለማማጆቹ አቀረቀሩ። እኔ ግን ከቦታዬ አልተነሣሁም። ሐኪሙ ሄደው ጣታቸውን ውኃ አስነክተው ተመለሱ።

«በሳሙና» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ የነርሶች ኃላፊ ቢሮዋ ጠራችኝ። «ሰውየውን በተማሪ ፊት አዋርደሻል። ይቅርታ ጠይቂ» አለችኝ።

«ታጠቡ ነው ያልኩት። ነውሩ የቱ ላይ ነው?»

«ድፍረትሽ ላይ።»

«እንግዲያው ታጠቡ ስላለች ተቀጣች ብላችሁ ጻፉልኝ። እፈርማለሁ።»

የጻፈልኝ የለም። አሮጊቷ ቁስላቸው ጠግጎ አገራቸው ገቡ። ሐኪሙ ክረምቱን ሙሉ ሰላም አላሉኝም፤ ነገር ግን በሩ ላይ ሲያዩኝ እጅጌያቸውን ይሰበስቡ ጀመር። ባልደረቦቼ ዛሬም አስቸጋሪ ናት ይሉኛል። ይበሉኝ፤ ሳይታጠብ በእኔ ታማሚ ላይ እጁን የሚያሳርፍ የለም።